ቋሚ የቤት ሥራ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ተነሣሁ፣ ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ጫማ አደረግኩ። ከመኝታ ቤት ወጥቼ ሳሎን ገባሁ። ሥራ ገባሁ ማለት ነው። ጫማው ለምን እንዳስፈለገ እንጃ... ለምንጣፉ ክብር ይሆናል።

እስከ ትናንት "ለጊዜው" ይባል ነበር። የሕንፃው ባለቤት ውል አላድስም ብሎ ከቢሮ ሲያስወጣን አለቃችን ዮፍታሔ "ሌላ ቢሮ እስክናገኝ ሁላችሁም ከቤት ሥሩ" አለ። አሁን ፍለጋውን ተወው። ምን አስፈለገው? መብራቱን እኛ እንከፍልለታለን። ሽንት ቤቱን እኛ እናጥብለታለን። ሻዩን እኛ እናፈላለን። እንዲህ ያለ ቢሮ የት ያገኛል?

ጠዋት መመሪያ ላከ። ርዕሱ፦ "ቋሚ የቤት ሥራ መመሪያ"።

ደግሜ አነበብኩት። የትርጉም ድርጅት ነን እኮ። የሰው ጽሑፍ ተርጉመንና አርመን የምንበላ ሰዎች። ሥራ አስኪያጃችን "ከቤት ሆኖ መሥራት" ማለት አቅቶት "የቤት ሥራ" አለ። ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ያስተማርኩት ልጅ ነው ይሄ። ሲቀጠር "ነው"ና "ናቸው" ይምታታበት ነበር። አርሜ አርሜ አለቃዬ አደረግኩት።

ጻፍኩለት። "የቤት ሥራ ተማሪ የሚሠራው ነው። ወይም ወጥና እጥበት ነው። አስተካክለው።" አውራ ጣት ላከልኝ። አመሰግናለሁ ይሁን ዝም በይ፣ አውራ ጣት አይናገርም።

አባባ ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አነበቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ቢወጡም የጽሑፍ ነገር አያልፋቸውም።

"የቤት ሥራ ሰጧችሁ?"

"አይ አባባ፣ ሊል የፈለገው..."

"መቼ ነው የምታስረክቡት?"

የሚያሾፉ መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋቸው። አያሾፉም።

አንድ ነገር ብቻ ቢሮ ይመስላል፣ ወንበሬ። ቢሮው ሲዘጋ "ሁሉም የየራሱን ወንበር ይውሰድ" ተባለ። እኔና ጎኔ የምትቀመጠው ተርጓሚ አስቻለች ሁለት ወንበር ይዘን ታክሲ ተሰለፍን፤ እኔ ጳውሎስ ልወርድ፣ እሷ ሸጎሌ። ረዳቱ "ወንበሩም ቦታ ይይዛል፣ ይከፍላል" አለ። አስቻለች ከፈለችና "በል እንግዲህ፣ ከከፈለ ሰው እንዳትጭንበት" አለችው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እስክወርድ ድረስ ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የጠዋት ስብሰባ። "ይሰማል?" "ይሰማል።" "የእኔስ?" "ያንተ ይቆራረጣል።" "አሁንስ?" ግማሹ ሰዓት በዚህ አለቀ። ሌላው ግማሽ ዮፍታሔ ስለ "ቲም ስፒሪት" ሲያወራ። አማርኛ ያጣበት ቦታ ሁሉ እንግሊዝኛ ይወትፋል። ከጀርባው የመጻሕፍት መደርደሪያ ለጥፏል። ሥዕል ነው። ጭንቅላቱን ሲያዞር ጆሮው መጻሕፍቱ ውስጥ ይጠፋል። ካነበባቸው መጻሕፍት ይልቅ ጆሮውን የበሉት ይበዛሉ።

ኢዮሲያስ የሚባል አዲስ ተርጓሚ አለን። ቢሮው ከተዘጋ በኋላ የተቀጠረ። ድምፅ ብቻ ነው። ረጅም ይሁን አጭር፣ ጺም ይኑረው አይኑረው... መንገድ ላይ ቢገፋኝ አላውቀውም።

አስቻለች ደግሞ ጥቁር ሳጥን ሆናለች፤ መሐሉ ላይ "አ" የምትል ፊደል። ካሜራ አትከፍትም። ስሟ ሲጠራ "አለሁ" ትላለች። በቃ። ያቺ ታክሲ ሙሉ ሰው የምታስቅ ሴት።

ከስብሰባው በኋላ ደወልኩላት፤ አላነሣችም። ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ድሮ የእሷን ሽሮ በእኔ ቀይ ሥር እንቀያየር ነበር። የምሳ ዕቃ ክዳናችን እንኳን ተቀያይሮ ቀርቷል። የእሷ ክዳን እኔ ጋ ነው፤ አይገጥምም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ከአምልኮ በኋላ የሴቶች ጸሎት ነበር። መሪያችን ዓይኗን ጨፍና "እኅታችንን ሚልካን አስብ፤ ጌታ ሆይ፣ የሥራ በር ክፈትላት" ብላ ጀመረች። ሁሉም "አሜን" አሉ። አንዷማ አለቀሰች።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጠጋ ብዬ "እኅቴ፣ እኔ እኮ ሥራ አለኝ" አልኳት።

"አሜን" አለችኝ እጄን ጨብጣ። "በእምነት አለሽ።"

"በደመወዝ ነው ያለኝ።"

"እንዲህ እያልሽ ተናገሪ። አፍሽ ላይ ይሁን።"

ምን ትመልሻለሽ? አባባ በር ላይ ስንደርስ "ቀን ቀን ቤት ስለሚያዩሽ ነው" አሉ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

እትዬ የሺ፣ ጎረቤታችን፣ በርበሬያቸውን ግቢያችን አሰጡ። የእኛ ግቢ ፀሐይ ይበዛዋል። "ሚልክዬ፣ ቤት ነሽ አይደል? ዶሮ እንዳይገባበት ብቻ።"

ቤት ነሽ አይደል። ሰፈሩ በሙሉ በዚህች አባባል ቀጠረኝ። የአንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። የሌላው የጋዝ ሲሊንደር እኔ ጋ ይራገፋል። ቆጣሪ አንባቢው የጎረቤቶቼን ቆጣሪ እኔን ይጠይቃል። ከግቢዬ ሳልወጣ የሰፈሩ ዘበኛ ሆንኩ።

ስብሰባ ላይ እያለን ዶሮዎቹ በርበሬው ውስጥ ገቡ። ዮፍታሔ እየተናገረ ነበር። በመስኮት ብቅ ብዬ "እሽ! ውጪ! ምን ታደርጊያለሽ እዚህ!" አልኩ። ማይክራፎኔ ክፍት ነበር።

ዮፍታሔ ንግግሩን አቆመ። "ሚልካ፣ ሐሳብ አለሽ?"

"የለኝም። ቀጥል።"

ኢዮሲያስ ሲስቅ ሰማሁ። ሳቁ የሰው ነው፤ ይህን ያህል አወቅሁት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዮፍታሔ ለብቻዬ ደወለ። መጀመሪያ የአባባን ጤንነት ጠየቀ። አለቃ የአባትሽን ጤና ሲጠይቅ ነገር አለ ማለት ነው።

ነጥብ የሚባል ነገር አለ። ኮምፒውተራችን ላይ ስንሠራ ስማችን አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ እሱን ነው ሲቆጥር የሚውለው። የሰው ትርጉም አያነብም፣ ነጥብ ያነባል።

"የአስቻለች ነጥብ ይጠፋል። ካሜራ አትከፍትም። ሥራዋም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እ... ማለቴ፣ በግልጽ ልንገርሽ፣ ኅዳር ሲያልቅ አንድ ሰው እንቀንሳለን።"

"ነጥብ ስለጠፋ?"

"ስለ እሷ ነው የምጠይቅሽ። ጓደኛሽ ናት፣ ታውቂያታለሽ። ትሠራለች ወይ? ወይስ ሌላ ቦታ ሥራ ይዛለች?"

ምን ማለት ነበረብኝ? ከእኛ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ተርጓሚ የለም ማለት ነበረብኝ። ግን ስደውል አታነሣም። መልእክት ስልክላት "እሺ" ብላ ትዘጋዋለች። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንድ ቀን እንኳን "ሚልካ እንዴት ነሽ" አላለችም። ኮራችብኝ። ተናድጃለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

"እንጃ" አልኩት።

አንዲት ቃል ናት። እንጃ። ስልኩን ዘግቼ ሻይ አፈላሁ። አልጠጣሁትም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ዛሬስ ጉድ ነው። የአስቻለች ትርጉም ለእርማት መጣልኝ። የሕፃናት ክትባት መመሪያ፣ ለጤና ጣቢያዎች የሚታደል። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

"ክትባቱ ከተሰጠ በኋላ ሕፃኑን ለአሥራ አምስት ደቂቃ እዚያው ማቆየት ያስፈልጋል ሽንኩርቱን አማስዪው እንዳያርብኝ መጣሁ እማዬ"

እንደዚሁ፣ ያለ አራት ነጥብ።

ሽንኩርት? በሥራ ሰዓት ወጥ እየሠራች ነው። እኔ እዚህ ዶሮ እያባረርኩም ቢሆን ወንበሬ ላይ ነኝ። እሷ ቁሌት ላይ ናት። ንዴቴ ሳቅ ሆነ፤ ሳቄ ደግሞ የባሰ ነገር ሆነ። ዐረፍተ ነገሩን ገልብጬ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ "ለጤና ጣቢያዎች በሙሉ፦ ክትባቱ ያለ ሽንኩርት አይሰጥም" ብዬ ጻፍኩ።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እንባ የሚያፈስሱ ቢጫ ፊቶች። ኢዮሲያስ "ቲማቲምስ ይገባበታል?" አለ። ዮፍታሔም ሳቀ። ወዲያው ግን ለብቻዬ "ይህን አስቀምጪልኝ" ብሎ ላከ።

የአስቻለች ነጥብ አረንጓዴ ነበር። ዓይኔ እያየ ጠፋ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ስብሰባ። አስቻለች አልገባችም። "አለሁ" የምትለዋ እንኳን የለችም። ዮፍታሔ "እንግዲህ ሁላችሁም አይታችኋል" ብሎ አለፈው።

ምን አደረግኩ? የጻፈችውን ነው የለጠፍኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አራሚ ስህተት ያሳያል፣ ሥራዬ ነው... ይህን ቀኑን ሙሉ ለራሴ ስነግረው ዋልኩ። እውነት ከሆነ አንዴ አይበቃም ነበር?

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። የምሳ ዕቃ ክዳኗን አጠብኩት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ። ጥሩ ሰበብ ሆነኝ። ክዳኑን በቦርሳዬ ይዤ ጳውሎስ ወረድኩ፤ ከመድኃኒት ቤቶቹ ፊት ለፊት የሸጎሌ ታክሲ ያዝኩ። ስልኬ ላይ ነጥቤን አብርቼ ነው የሄድኩት። ሸጎሌ መግቢያ ላይ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶት ለረጅም ጊዜ ቆምን። እኔ ታክሲ ውስጥ በሬ እያየሁ፣ ዮፍታሔ ዘንድ ግን አረንጓዴ ነኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህ ነው መለኪያው።

ቤቷ አዲሶቹ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። በሩን አንዲት ልጅ ከፈተችልኝ። ሳሎኑ መሐል የአስቻለች የቢሮ ወንበር አለ። እላዩ ላይ አማቷ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው በርጩማ ላይ ነው። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ወንበሩ ተስማምቷቸዋል። ወለሉ ላይ ልጆች ይጫወታሉ። ሁለቱ የባሏ የእኅት ልጆች ናቸው፤ ሌላዋ የጎረቤት። "እናቷ ገበያ ሄዳ ነው፤ አስቻለች ቤት ናት ብላ ነው የተወቻት" አሉኝ አማቷ። ያቺን አባባል እዚህም አገኘኋት።

አስቻለች ወጥ ቤት ናት። ኮምፒውተሩ ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል። ስልኳን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፋዋለች። በግራ እጇ ታማስላለች፤ ዓይኗ ፍሪጁ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ያነባል፤ አፏ ለስልኩ አማርኛውን ይናገራል፤ ስልኩ ይጽፋል። "እናቶች ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ነጠላ ሰረዝ..." ከሳሎን "አስቻለች!" ተባለ። "መጣሁ እማዬ!" ስልኩ እሱንም ጻፈው።

ያኔ ገባኝ። ሽንኩርቱ ገባኝ።

ዞር ስትል አየችኝ። አልደነገጠችም። "ግቢ። እጄ ቅባት ነው፣ አልጨብጥሽም" አለች።

"ሠራተኛችሁስ?"

"ቢሮው የተዘጋ ለት ሄደች። ያዕቆብ 'ከእንግዲህ አንቺ ቤት ነሽ፣ ለምን ሁለት ሰው?' አለ።" ባሏ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቢሮ ድረስ መጥቶ ሸኝቶኛል። "በክፋት አይደለም" አለች እሷም። "ሒሳቡ ትክክል መሰለው። ለእኔም መስሎኝ ነበር።"

"ካሜራውስ?"

"ምኑን ላሳይ? ይሄን?" በማማሰያው ዙሪያውን አሳየችኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ወጡን ከድና እሳቱን ቀነሰች። "ምን ብዬ? አንቺ ደግሞ ያልገባሽ ነገር ላይ ነው የምታሾፊው። ስትደውዪ ሁሌ ወይ እማዬን እያነሣሁ ነው፣ ወይ ልጅ እያበላሁ ነው። ቆይ ሲመቸኝ እላለሁ። ሲመቸኝ የሚባል ነገር ጠፋ።" ማማሰያውን አለቀለቀች። "ግሩፑ ላይ ስትለጥፊው መጀመሪያ ሳቅኩ። የእውነት ያስቃል። ከዚያ ማን እንደለጠፈው አየሁ።"

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም። አንገቴን ደፍቼ የሽንኩርቱን ልጣጭ አየሁ።

"ያን መመሪያ አርመሽበት ነበር አይደል?" አለችኝ። "የቤት ሥራ አይባልም ብለሽ። ዮፍታሔ ነግሮናል፣ እየሳቀ። እኔ ሳነበው ልክ መሰለኝ። ቋሚ የቤት ሥራ። ይኸው።"

ክዳኑን አውጥቼ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የእኔን ክዳን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችኝ። አጥባው ነበር።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ዮፍታሔ ዘንድ ራሴ ደወልኩ። ያየሁትን ነገርኩት። "እሱ የግል ጉዳይ ነው" አለ። የእኔን ሽንት ቤት ቢሮ ሲያደርገው የግል አልነበረም።

"እኔ ቤት መጥታ ትሥራ" አልኩት። "ሳሎኑ ይበቃል።"

"መመሪያችን ከቤት ነው የሚለው እኮ፣ ሚልካ። ከሰው ቤት አይደለም።"

ይህን ነበር የምጠብቀው። መመሪያውን ከፍቼ አነበብኩለት። "'በቤት መሥራት ግዴታ ነው' ይላል። ማን? በማን ቤት? አይልም። ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም፣ ቤቱም ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ጣጣ ያመጣል ብዬ አላስተማርኩህም?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ይሰማል?" አልኩ።

"ይሰማል" አለ። "እስከ ኅዳር መጨረሻ እንየው።"

ቀጥዬ "ያን ቀን ትሠራለች ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ እንጃ አልኩህ። አውቃለሁ። ትሠራለች" አልኩት። አውራ ጣት አልላከም። ስልክ ላይ ስለሆንን ይሆናል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አስቻለች ደወለች። ባሏን ለምናዋለች። "ሚልካ ቤት ሄጄ ልሥራ ስለው 'ቤት ለቤት ምን ልዩነት አለው፣ እዚሁ አትሠሪም ወይ' አለኝ። እማዬም 'ሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ' አሉ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ቢሮ ተጠራሁ ልበለው? ቢሮ ካልኩት እኮ አንድ ቃል አይናገርም" አለች።

"በይው" አልኩ። ምን ቸገረኝ?

አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ነገር አምጡልኝ ሲሏቸው ጆሮ የላቸውም፤ ይህንን ግን ሰሙ።

"ቢሮ የለም አይደል?"

"የለም፣ አባባ። ግን..."

"እንግዲያው ውሸት ነው። በዚህ ቤት ውሸት አይነገርም።"

ስልኩ ውስጥ አስቻለችም ሰማቻቸው። "ተይው በቃ" ብላ ዘጋች። እሳቸውም ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሽማግሌ ከነጽድቁ... ለማን ነው ይሄ ሁሉ እውነት? አንዲት ሴት ፍሪጅ ላይ ተንጠልጥላ ትሥራ፣ እውነቱ ከተጠበቀ። እራት አላወራኋቸውም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቴሌቪዥኑን ነቀሉት። የእኅቴን ፎቶ፣ የሰርግ ሳህኖቹን፣ የራሳቸውን ሶፋ... ሁሉን ወደ መኝታ ክፍላቸው አስገቡ። እግዛለሁ ብል "ተይ" አሉ። ሶፋው በር ላይ ሲያስቸግር ግን "ምን ታያለሽ፣ ያዢ እንጂ" አሉ። ዜና የሚያዩበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ድሮ ከእናቴ ጋር ማታ ማታ ይዘምሩበት የነበረ ሳሎን ነው። ባዶ ሆነ። የምግብ ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አስጠጉት።

ላባቸውን ጠርገው ዙሪያውን አዩ።

"አሁን ቢሮ ነው" አሉ። "ንገሪያት። እውነት ነው።"

ደወልኩ። መናገር ግን አቃተኝ፤ እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ነገሯት።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አስቻለች ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ወንበሯን ይዛ። አማቷ ከወንበሩ የተነሡት "የቢሮ ንብረት ነው፣ ተጠይቋል" ተብለው ነው። ቢሮ የተባለ ነገር ሲጠራ ያ ቤት እንዴት ቀጥ እንደሚል... ከወር በላይ "ሥራ አለብኝ" ስትል ማንም አልሰማትም። "ቢሮ ተጠራሁ" ስትል ያዕቆብ ማታውኑ ሠራተኛቸውን ደውሎ መለሳት። ታክሲ ድረስም ሸኛት። እማዬ ምሳ ቋጠሩላት።

"ረዳቱስ? ለወንበሩ አስከፈለሽ?"

"አስከፈለኝ። ሰው ግን ጫነበት። አንድ ወፍራም ሰውዬ እስከ ጳውሎስ ተቀምጠውበት መጡ።"

ሳቅን። ስብሰባ ተጀምሮ ነበር፤ ዮፍታሔ "ይሰማል?" ይላል። ለማን ይሰማል።

ምሳ ሽሮዋን ለቀይ ሥር።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። "የሽንኩርቱ ቀልድ የእኔ ነበር። መጥፎ ቀልድ ነበር። አስቻለች፣ ይቅርታ።" ሰዎች ልብ ላኩ፣ እጅ የሚያጨበጭብ ላኩ። አንዱ ሽንኩርት ላከ። አስቻለች ከጎኔ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አነበበችውና "እዚህ ተቀምጠሽ በአፍሽ አትዪኝም ነበር?" አለች።

በአፌም አልኳት። ያኛው ይከብዳል።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የሳምንቱ ምርጥ ትርጉም የአስቻለች ነው። አራሚዋ አንድ ስህተት አላገኘችም፤ ፈልጋ ነበር።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ዛሬ ዮፍታሔ ውሳኔውን የሚናገርበት ስብሰባ ነበር። እኔና አስቻለች በአንድ ካሜራ ገባን፤ ሁለት ፊት በአንድ ሳጥን። እሷ ትናንት ማታ አልተኛችም፤ ዓይኗ ያስታውቃል። እጇን ጠረጴዛው ሥር ይዤላት ነበር። ለዮፍታሔ አይታይም።

ዮፍታሔ እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ ወታተፈው። "ፐርፎርማንስ ሪቪው" አለ፣ "ኦፕቲማይዝ" አለ... ጆሮው መጻሕፍቱ ውስጥ ወጣ ገባ አለ። መጨረሻ ላይ ግን፣ በአማርኛ፣ "እ... በቃ፣ ማንም አይቀነስም። ሁላችንም እንቀጥላለን" አለ። የአስቻለች እጅ ላላ። ነጥብ መቁጠሩን ተወ ማለት አይደለም፤ አውቀዋለሁ። የተሻሻለውን መመሪያ ለእርማት ልኮልኛል፤ ርዕሱ አሁንም ያው ነው። እንድታርመው ለአስቻለች ሰጠኋት።

ስብሰባው ገና ሳያልቅ የግቢው በር ተንኳኳ። ክፍት መስኮት ሥር ነን፤ አባባ ወጡ።

"ጋሽ ሲላስ፣ ሚልካ አለች? ቁልፍ ላስቀምጥባት ነበር" የሚል የእትዬ የሺ ድምፅ።

"ቢሮ ናት" አሉ አባባ።

"ውይ፣ ቢሮ ገባች? ተመስገን። የት ነው ቢሮው?"

"ሳሎን።"

አባባ ረጋ ብለው ቀጠሉ። "ሥራ ስትጨርስ ቤቷ ትገባለች። ያኔ ይምጡ።"

በሩ ተዘጋ። ማይክራፎኔን እንዳልዘጋሁ ያወቅሁት የኢዮሲያስን ሳቅ ስሰማ ነው።

"ማነው ድምፁን ያልዘጋው?" አለ ዮፍታሔ። "ማን ቤት ነው እሱ?"

"ቤት አይደለም" አለችው አስቻለች። "ቢሮው ነው።"